በኢንተርኔት ፊልም ለመመልከት፦ የወር ደንበኝነት ወይስ የፊልም ኪራይ?
ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የተገልጋዮች መረጃ

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ከተሞች ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበሩት አማራጮች ውሱን ነበሩ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ መመልከት፣ ካሴት ወይም ሲዲ ተከራይቶ ወደ ቤት መውሰድ፣ በኋላም ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሄዶ ማስጫን የተለመዱት መንገዶች ነበሩ። ዘመናዊ ስልኮችና የሞባይል ኢንተርኔት ከተስፋፉ ወዲህ ግን ፊልሙ ራሱ ወደ ተመልካቹ ቤት መምጣት ጀምሯል። ይህም ለተገልጋዩ አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል፤ በየወሩ ቋሚ ክፍያ እየከፈሉ የፈለጉትን መመልከት ይሻላል ወይስ የተፈለገውን ፊልም ብቻ ለይቶ መከራየት?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በወር ደመወዝ ለሚተዳደር መምህር ወይም ጤና ባለሙያ፣ በቤተሰብ ድጎማ ለሚማር የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቱሪስት ወቅት ጠብቆ ገቢ ለሚያገኝ አስጎብኚ የሚያስከትለው ወጪ ቀላል አይደለም። የተሳሳተ ምርጫ ላልታየ ፊልም ገንዘብ ያስከፍላል፤ ከዚያም ባለፈ የወሩን የኢንተርኔት ጥቅል በሁለት ምሽት ሊጨርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን አገልግሎቶች አሠራር፣ ትክክለኛ ወጪያቸውን ለማስላት የሚያስችል ዘዴ፣ በአካባቢው የኔትወርክ ሁኔታ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄና የተገልጋዩን መብቶች ያስረዳል።

1. የሁለቱ አገልግሎቶች አሠራር

የወር ደንበኝነት ማለት ተገልጋዩ በየወሩ የተወሰነ ክፍያ እየከፈለ በአቅራቢው መደብ ውስጥ ያሉትን ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ያለ ቁጥር ገደብ የሚመለከትበት አሠራር ነው። ኔትፍሊክስ በዚህ ረገድ በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚታወቀው ነው። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ በኢንተርኔት እየፈሰሰ ስለሚታይ አሠራሩ ስትሪሚንግ ይባላል።

የፊልም ኪራይ ደግሞ ለአንድ ፊልም ብቻ ተከፍሎ ለተወሰነ ጊዜ የመመልከት መብት የሚገኝበት ነው። በዓለም አቀፍ የኪራይ መደብሮች ዘንድ የተለመደው ደንብ ተከራዩ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ፊልሙን መጀመር እንዳለበት፣ ከጀመረው በኋላ ደግሞ በ48 ሰዓታት ውስጥ እንዲጨርስ የሚያዝ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ፊልሙ ከተከራዩ መለያ ይጠፋል።

ልዩነቱን በአካባቢው በሚታወቅ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በከተማው አዲስ የተመደበ ሠራተኛ ከምግብ ቤት ጋር የወር ኮንትራት ሊገባ ይችላል፤ ወይም በበላበት ቀን ብቻ ሊከፍል ይችላል። በየቀኑ የሚመገብ ሰው ኮንትራቱ ያዋጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመስክ ሥራ የሚያሳልፍ ግን ላልበላው ምግብ ይከፍላል። የወር ደንበኝነት እንደ ኮንትራቱ፣ ኪራይ ደግሞ በበሉት ልክ እንደ መክፈል ነው።

ከእነዚህ ሁለቱ በተጨማሪ ሁለት ሌሎች አማራጮች አሉ። አንደኛው በማስታወቂያ ወጪው የሚሸፈን፣ ለተመልካቹ ያለ ክፍያ የሚቀርብ አገልግሎት ሲሆን ዩቲዩብ ዋነኛው ነው። ሁለተኛው ፊልሙን በኢንተርኔት መግዛት ነው። ግዢ ከኪራይ የሚለየው የጊዜ ገደብ ስለሌለው ነው፤ ይሁን እንጂ አቅራቢው አገልግሎቱን ቢዘጋ ወይም የፊልሙ ፈቃድ ቢቋረጥ የተገዛው ፊልም ላይገኝ ስለሚችል በእጅ እንደሚያዝ ሲዲ ሙሉ ባለቤትነት የሚያስገኝ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ሁለቱ አሠራሮች ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመሠረት ሥራው ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ነበር። በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አገልግሎቱን በአንድ ጊዜ ወደ 130 ተጨማሪ አገራት አስፋፍቷል። የዲቪዲ ኪራዩን ሙሉ በሙሉ ያቆመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው። ለተወሰነ ቀን ከፍሎ መውሰድና መመለስ የሚለው የቪዲዮ ቤቱ አሠራር ግን በኢንተርኔት ኪራይ መልክ እስካሁን ቀጥሏል።

2. ከክፍያው በስተጀርባ ያለው ወጪ

ብዙ ተገልጋዮች የሚያወዳድሩት የወሩን ክፍያና የኪራዩን ዋጋ ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ግን ሦስተኛ ወጪ አለ፤ እርሱም ፊልሙን ለማየት የሚፈጀው ዳታ ነው። የዳታው መጠን የሚወሰነው በምስሉ ጥራት ነው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ በሚሰጠው ግምት መሠረት የአንድ ሰዓት ፍጆታ እንደሚከተለው ነው፦

- በዝቅተኛ ጥራት፦ 0.3 ጊጋባይት ገደማ
- በመካከለኛ ጥራት፦ 0.7 ጊጋባይት ገደማ
- በከፍተኛ ጥራት (ኤችዲ)፦ እስከ 3 ጊጋባይት
- እጅግ ከፍተኛ በሆነው ጥራት (ፎር ኬ)፦ እስከ 7 ጊጋባይት

በዚህ ስሌት የሁለት ሰዓት ፊልም በዝቅተኛ ጥራት 0.6፣ በመካከለኛ 1.4፣ በኤችዲ ደግሞ እስከ 6 ጊጋባይት ይፈጃል። አንድ ፊልም በጥራት ምርጫ ብቻ አሥር እጥፍ የሚደርስ የዳታ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። በስልክ መስተዋት ላይ ዝቅተኛውና መካከለኛው ጥራት ለአብዛኛው ተመልካች በቂ ነው። ኤችዲና ከዚያ በላይ ያለው ጥቅሙ የሚታየው በትልቅ ቴሌቪዥን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። አንድ ፊልም በኪራይም ሆነ በደንበኝነት ሲታይ የሚፈጀው ዳታ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተመልካቹ ልማድ ነው። በደንበኝነት የሚመለከት ሰው ተጨማሪ ክፍያ ስለማይጠየቅ ብዙ ያያል። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ የሚጀምርበት ቅንብርም ይህንኑ ያባብሳል። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ የአሥር ክፍል ድራማ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህም በመካከለኛ ጥራት ወደ 5.8፣ በኤችዲ ደግሞ ወደ 25 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ ደንበኛ የሚሆን ሰው በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገሮችን ቢያደርግ ይመከራል፤ በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ የዳታ ቁጠባን መምረጥና ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር መዝጋት።

3. የትኛው ይረክሳል?

መልሱ በወር ውስጥ በሚታዩት ፊልሞች ብዛት ላይ የተመሠረተ ነው። ለማወቅ የወሩን ክፍያ ለአንድ ፊልም ኪራይ ማካፈል ይበቃል። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ ተገልጋዩ በምትካቸው የአቅራቢውን ወቅታዊ ዋጋ ማስገባት ይኖርበታል።

የወር ደንበኝነት 1,000 ብር፣ የአንድ ፊልም ኪራይ 400 ብር፣ የአንድ ጊጋባይት ዳታ 30 ብር ነው እንበል። 1,000 ለ400 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። በወር ሁለት ወይም ከዚያ በታች ፊልም የሚያይ ሰው ኪራይ ይረክስለታል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያይ ሰው ደግሞ ደንበኝነት ያዋጣዋል። ፊልሞቹ ሁለት ሰዓት የሚፈጁና በመካከለኛ ጥራት የሚታዩ ከሆነ አጠቃላይ ወጪው የሚከተለውን ይመስላል፦

- በወር ሁለት ፊልም፦ በኪራይ 884 ብር፣ በደንበኝነት 1,084 ብር
- በወር አራት ፊልም፦ በኪራይ 1,768 ብር፣ በደንበኝነት 1,168 ብር

አራቱ ፊልሞች በኤችዲ ቢታዩ የዳታው ወጪ ብቻ ከ168 ብር ወደ 720 ብር ያድጋል። ስለዚህ ጥራትን ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ርካሹን አገልግሎት ከመፈለግ የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

ስሌቱ ለአንድ ወር ብቻ ሳይሆን ለዓመት ሊሠራ ይገባል። የአካባቢው ሕይወት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በመኸር አጨዳና ውቂያ ወራት፣ በፈተና ሰሞን፣ በርካታ ቤተሰቦች ከመዝናኛ በሚታቀቡበት በዐቢይ ጾም ፊልም የሚታይበት ጊዜ ያንሳል። የደመወዝ ቀን ሲደርስ በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ግን ይህንን አያውቅም። በማሳያው ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው 12,000 ብር ያወጣል። ፊልም የሚያይባቸውን አራት ወራት ብቻ መርጦ የከፈለ ደግሞ 4,000 ብር ያወጣል። አብዛኞቹ አቅራቢዎች ደንበኛው በፈለገ ጊዜ እንዲያቋርጥና እንዲመለስ ስለሚፈቅዱ፣ በማይፈለግበት ወር ማቋረጥ በኪራይና በደንበኝነት መካከል እንደ ሦስተኛ ምርጫ ሊቆጠር ይችላል። በአብዛኛው ደንበኝነቱ ቢቋረጥም የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ መመልከት ይቻላል፤ በመሆኑም ማቋረጫውን እስከ መጨረሻው ቀን ማዘግየት አያስፈልግም።

ሌላው ግምት ውስጥ የሚገባው የውጭ ምንዛሪ ነው። ዓለም አቀፍ አገልግሎቶች ክፍያቸው በአመዛኙ በዶላር የተተመነ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲታሰብ ከ570 ብር ገደማ ወደ ከ1,000 ብር በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በዶላር የሚከፈል ደንበኝነት ያለው ሰው በየወሩ ከሒሳቡ የሚቀነሰውን በብር መመልከት ይኖርበታል።

4. የኔትወርክና የመብራት ሁኔታ

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች እንደመሆናቸው በከተማ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ሁኔታ ከገጠር ቀበሌዎች የተሻለ ነው። ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ሲወረድ፣ ወይም ወደ ፓርኩና ወደ ጃናሞራ ሲዘለቅ ገደሉና ጋራው የሬዲዮ ሞገድን ስለሚጋርድ፣ በአንድ ጉብታ ላይ ጥሩ የነበረው ኔትወርክ ጥቂት እንደተሄደ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አገልግሎት ከመግዛት በፊት ፊልሙ በሚታይበት ቤትና በሚታይበት ሰዓት ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ኔትፍሊክስ ለኤችዲ ምስል ቢያንስ 3 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለሙሉ ኤችዲ 5፣ ለፎር ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ፍጥነት ይመክራል። ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አለመሆናቸውን መገንዘብ ይገባል፤ አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው። በ2 ሜጋቢት በሰከንድ ፍጥነት 0.6 ጊጋባይት የሆነ ፊልም ለማውረድ 40 ደቂቃ ይፈጃል።

ኔትወርክ በሚዋዥቅበት አካባቢ የተሻለው ዘዴ በቀጥታ ከመመልከት ይልቅ አስቀድሞ ማውረድ ነው። ከወር ደንበኝነት አገልግሎቶች በርካቶቹ ፊልሙን በመተግበሪያው ውስጥ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመመልከት ይፈቅዳሉ። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ወይም ፈቃድ ባለበት ዋይፋይ ተጠቅሞ ማውረድ ወጪን ይቀንሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽትም ባትሪው የተሞላ ስልክ ይበቃል። ሆኖም የወረደው ፊልም የራሱ የማብቂያ ጊዜ አለው፤ ደንበኝነቱ ሲቋረጥም አይከፈትም። ለቀናት ወደ ሳንቃበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ የሚወጣ አስጎብኚ ወይም የፓርክ ሠራተኛ ከመነሣቱ በፊት የወረደውን ፊልም አንድ ጊዜ ከፍቶ የሚቀረውን ጊዜ ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

የኪራይ የ48 ሰዓት ገደብ በዚህ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፊልሙ ተጀምሮ ኔትወርክ ወይም መብራት ቢቋረጥ ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ የተከራዩትን ፊልም ለሙከራ ብሎ ጥቂት ደቂቃ መክፈት አይመከርም፤ ለማየት በተዘጋጁበት ሰዓት ብቻ መጀመር ይሻላል። የ30 ቀኑ መጠበቂያ በአንጻሩ ለተከራዩ ይጠቅማል፤ ኔትወርኩ ጥሩ እስኪሆን መታገሥ ያስችላልና።

በደንበኝነት በኩል ያለው ሥጋት ረዘም ያለ መቋረጥ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ በካርድ በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ያለው ሰው ኢንተርኔት ስለሌለው መመልከትም ማቋረጥም ሳይችል ክፍያው ሊቀጥልበት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በካርዱ ላይ ለአንድ ወር የሚበቃ ሒሳብ ብቻ ማኖር፣ ወይም የታመነ የቤተሰብ አባል ከሌላ ከተማ ሆኖ ደንበኝነቱን እንዲያቋርጥ ማድረግ ይቻላል።

5. ምን ማየት ይፈለጋል?

ከዋጋው ቀጥሎ ወሳኙ ጥያቄ የሚፈለገው ፊልም በየትኛው አገልግሎት ይገኛል የሚለው ነው። ዓለም አቀፍ አገልግሎቶች በእንግሊዝኛና በሌሎች ታላላቅ ቋንቋዎች የበለጸጉ ሲሆኑ፣ የአማርኛ ፊልም፣ ትርጉም ወይም የግርጌ ጽሑፍ በውስጣቸው ጥቂት ነው። ለአማርኛ ፊልምና ድራማ ዋነኛው መድረክ ዩቲዩብ ነው። ሶደሬና ሐበሻቪውን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ሥራዎችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡ መድረኮችም አሉ፤ አገልግሎታቸው በተለይ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይታወቃል። በቤቱ ያሉ ወላጆች የሚመለከቱት የአማርኛ ፊልም ብቻ ከሆነ በዶላር የሚከፈል ደንበኝነት መግዛት አያስፈልግም።

የፊልም መደብ ቋሚ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የደንበኝነት አገልግሎቶች አብዛኞቹን ፊልሞች የሚያሳዩት ለተወሰነ ጊዜ በሚገኝ ፈቃድ ነው፤ ዘንድሮ ያለ ፊልም በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። ለዓመታት በቀላሉ ያልተገኘ ሥራም በድንገት ሊቀርብ ይችላል። በጎንደር ተወልዶ ያደገው የፊልም ባለሙያ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልም ከ28 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በኔትፍሊክስ መታየት መጀመሩ ለዚህ ምሳሌ ነው። እንግዲህ አንድን ፊልም ብቻ ፈልጎ ደንበኛ የሚሆን ሰው ከመክፈሉ በፊት ፊልሙ በዚያው ዕለት፣ በኢትዮጵያ ላለ ተመልካች መኖሩን ማረጋገጥ ይገባዋል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ዘመድ «እዚህ አለ» ማለቱ በደባርቅም አለ ማለት አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በየአገሩ ነው።

ይህ ደንብ ለኪራይ መደብሮች ይበልጥ ይሠራል። ዓለም አቀፍ የኪራይ መደብሮች በሁሉም አገራት አያከራዩም። በአንዳንዶቹ የኪራይ ቁልፉ በኢትዮጵያ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ኪራይ በስሌት ርካሽ ሆኖ ቢገኝም፣ የተፈለገው ፊልም ለኢትዮጵያ የማይከራይ ከሆነ የቀሩት አማራጮች የአንድ ወር ደንበኝነት ወይም በነፃ የሚቀርቡት ሕጋዊ መድረኮች ይሆናሉ።

ለሥራና ለትምህርት የሚመለከቱም አሉ። የአካባቢው አስጎብኚዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋቸውን ለማዳበርና ቱሪስቱ አስቀድሞ ያየውን ለማወቅ ስለ ተፈጥሮ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ይጠቀማሉ። የቢቢሲ «ፕላኔት ኧርዝ» እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ተራሮች ባቀረበው ክፍል የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎችና ጭላዳ ዝንጀሮን ማሳየቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ዓላማ ለማሳካት በዓመት ጥቂት ፊልሞች ስለሚበቁ ኪራይ ወይም የአንድ ወር ደንበኝነት ይስማማል።

6. አከፋፈል

የአገር ውስጥ መድረኮች ክፍያ በብር የሚቀበሉ ከሆነ ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር ወይም ኤም-ፔሳን የመሳሰሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ምቹ ናቸው። ዓለም አቀፍ አገልግሎቶች ግን በአመዛኙ ለኢንተርኔት ግብይት የተፈቀደ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱን የሚሰጡት ባንኮች ሲሆኑ፣ መስፈርቱንና የአገልግሎት ክፍያውን በቅርብ ካለው ቅርንጫፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኤቲኤም ካርድ ሁሉ ለውጭ ክፍያ አይሠራም።

በውጭ የሚኖር ዘመድ የሚከፍልበትን መለያ መጋራት በብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነው። ሆኖም ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አንድ መለያ በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ እንዲያገለግል የሚያስገድደውን ደንቡን በሰፊው ተግባራዊ አድርጓል። በሲያትል ወይም በአዲስ አበባ ያለ ወንድም የከፈለበት መለያ በዳባት ድንገት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ዘመዱ ራሱን የቻለ መለያ ቢከፍት የተሻለ ይሆናል።

7. ደኅንነትና የቅጂ መብት

በቴሌግራም ቻናሎች «የአንድ ወር ኔትፍሊክስ በርካሽ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ሰው የተከፋፈለ ወይም የተሰረቀ መለያ ነው። ገዢው የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ገንዘቡን ያጣል፤ ሻጩንም ማግኘት አይችልም። ለማንኛውም ሰው የቴሌብር የምሥጢር ቁጥርን ወይም በአጭር መልእክት የመጣን የማረጋገጫ ቁጥር መስጠት አይገባም። ትክክለኛ አቅራቢ ይህንን በስልክ አይጠይቅም።

ፊልሞችን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት፣ በፍላሽ ጭኖ መሸጥም ሆነ በቻናል ማሰራጨት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የተከለከለና በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። ጉዳቱ ከሕጉም በላይ ነው። የአማርኛ ፊልም አዘጋጅ ያወጣውን ገንዘብ የሚመልሰው ከሲኒማ ቤት መግቢያ፣ ከማስታወቂያና ከሕጋዊ የኢንተርኔት ሽያጭ ነው። ፊልሙ በወጣ ሳምንት በፍላሽ ሲዞር ለቀጣዩ ሥራ የሚሆነው ገንዘብ ከወዲሁ ያልቃል፤ ከተዋናዩ እስከ መብራት ሠራተኛው ድረስም ሥራ ያጣሉ። በሕጋዊው ቻናል ገብቶ ማስታወቂያውን ታግሦ የሚያይ ተመልካች ምንም ሳይከፍል ለባለሙያው ገቢ ያስገኛል።

ልጆች ባሉበት ቤት ለእነርሱ የተለየ ገጽ መክፈትና የአዋቂዎቹን ገጽ በምሥጢር ቁጥር መቆለፍ ያስፈልጋል። ለኪራይና ለግዢም የምሥጢር ቁጥር እንዲጠየቅ ማድረግ ልጅ በስሕተት ተጭኖ የሚያስከትለውን ወጪ ይከላከላል።

8. የተገልጋዩ መብቶችና አቤቱታ

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ጉዳት ሲደርስበት አቤቱታ የማቅረብና የመካስ መብት አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተገልጋዩ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጠዋል።

አቤቱታ የሚቀርበው ችግሩ ከመጣበት ወገን ነው። ዳታ ያለ አግባብ የተቆረጠበት ሰው በቅድሚያ ለቴሌኮም አቅራቢው ያመለክታል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994፣ የቴሌብር ደግሞ 127 ነው። አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል። በካርድ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ለባንኩ ይመለከታል። የፊልሙ አለመከፈት ደግሞ ለአቅራቢው ይቀርባል። በሁሉም ሁኔታ የክፍያ ደረሰኝ፣ የቀረውን ዳታ የሚያሳይ መልእክትና የስሕተቱ ምስል መያዝ አቤቱታውን ያጠናክራል።

9. ከመክፈል በፊት የሚጣሩ ነጥቦች

- በወር ስንት ፊልም ይታያል? የወሩ ክፍያ ለኪራይ ዋጋ ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?
- የሚፈለገው ፊልም በኢትዮጵያ ይገኛል? በየትኛው ቋንቋ?
- የሚታየው በስልክ ነው ወይስ በቴሌቪዥን? ለስልክ ብቻ የሚሆን ዝቅ ያለ ክፍያ አለ?
- በቤት ውስጥ፣ በምሽት ሰዓት የኔትወርኩ ፍጥነት ስንት ነው? አውርዶ ማየት ይቻላል?
- ደንበኝነቱ በራሱ ይታደሳል? እንዴት ይቋረጣል?
- ክፍያው በብር ነው ወይስ በዶላር?

10. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

የተከራዩት ፊልም ሳይታይ ጊዜው ቢያልፍ ገንዘቡ ይመለሳል?
በአጠቃላይ አይመለስም። ፊልሙ በአቅራቢው ጉድለት ያልተከፈተ ከሆነ ግን ጊዜው ከማለፉ በፊት ለአቅራቢው ማመልከት ይገባል።

ካፌ ወይም ሎጅ ያለው ሰው በግል ደንበኝነቱ ለእንግዶች ፊልም ማሳየት ይችላል?
አይችልም። የግል ደንበኝነትም ሆነ ኪራይ የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ደረጃ መመልከትን ነው። ለሕዝብ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ደንበኝነቱን ያቋርጣል?
አያቋርጥም። ደንበኝነት የሚቋረጠው በመለያው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማቋረጫውን በመምረጥ ብቻ ነው። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ክፍያው በየወሩ ይቀጥላል።

ምን ዓይነት ተጠቃሚ ምን ቢመርጥ ይመከራል?
በወር ከሁለት ፊልም በላይ የማያይና የሚፈልገውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ኪራይን፣ ብዙ አባላት ያሉትና ተከታታይ ድራማ የሚወድ ቤተሰብ በሚያይባቸው ወራት ብቻ የሚከፈል ደንበኝነትን፣ የአማርኛ ሥራዎችን ብቻ የሚከታተል ተመልካች ደግሞ በነፃ የሚቀርቡትን ሕጋዊ መድረኮች በቅድሚያ ቢሞክር ይመከራል። በሦስቱም ሁኔታ የምስሉን ጥራት ለመሣሪያው በሚመጥን ልክ መወሰን የመጀመሪያው የቁጠባ እርምጃ ነው።